ኤስፔራንቶ የሚነገርበት ወረዳ

አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ "ይህን ቋንቋ በሦስት ወር አቀላጥፈህ ትናገረዋለህ" ካላችሁ፣ የጫማችሁን ክር ጠበቅ አድርጋችሁ ሩጡ። እኔ አልሮጥኩም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ጭራሽ ሻይ አዘዝኩለት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ መከራ የደረሰብኝ ሳይሆን በገዛ እግሬ ሄጄ ያመጣሁት ነው። ብትስቁብኝ ቅር አይለኝም። አሰላ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው ካለ ያን ሰሞን ከከተማ የወጣ መሆን አለበት።

መቼም ማንነቴን ሳታውቁ አትፈርዱብኝም። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ቡሬ ነው፤ ተመድቤ አሰላ ከመጣሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ። የምሠራው በአንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ፣ ከመስታወት በስተጀርባ ተቀምጬ፣ እጅ ብቻ በምታሾልክ ቀዳዳ መድኃኒት እያቀበልኩ ነው። ነጭ ጋውን ስለምለብስ ገበሬው ሁሉ "ዶክተር" ይለኛል። እኔም አላርመውም። ሰው ተሳስቶ ሲያከብረኝ ማሳፈር አልወድም።

ወደ መስኮቴ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ከዲክሲስ፣ ከአርቦዬና ከዚያው ከአሰላ ዙሪያ ገጠር የሚመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ "ገነማ ቶኮ፣ ገልገላ ቶኮ።" ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። አለቀ። አራት ቃል ይመስላል እንጂ አንዷ ስለተደገመች ሦስት ናት። ለስድስት ዓመት ሲካፈል በዓመት ግማሽ ቃል መሆኑ ነው። በዚህ ፍጥነት ጡረታ እስክወጣ "እንደምን አደራችሁ" ላይ እደርስ ነበር።

"ታዲያ እንዴት ሠራህ?" ትሉኝ ይሆናል። በሐሊማ ነዋ! ሐሊማ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ የእኔንና የእሷን ክፍል የሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። አሰላ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፤ መሐል ላይ ደግሞ "ወላሂ" ትጨምርበታለች። ከጠዋት አንድ ከማታ አንድ የወጣ መድኃኒት ሲያጋጥመኝ ግድግዳውን እደበድባለሁ።

"ሐሊማ! ይሄ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነው በያቸው!"

"ሐሊማ! ይሄ ከምግብ በኋላ ነው በያቸው!"

አንድ ቀን ሥራ በዝቶባት አንገቷን በበሩ አስገባችና፣ "አንተ፣ እኔ የሞትኩ እንደሆነ ይሄ ሁሉ ሰው በምን ሊድን ነው?" አለችኝ።

"አትሙቺ" አልኳት።

ዕቅዴ ይኸው ነበር። ሌላ ዕቅድ አልነበረኝም።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱ በኦሮምኛ ነው የተጻፈው። ከፊቱ ቆሜ ሳፈጥ የላብራቶሪው ሳሙኤል መጥቶ ከጎኔ ቆመ። ሳሙኤል የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ አሰላ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። እሱ ከእኔ የባሰ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሮ ከሰገራና ከሽንት ጋር ስለሚውል የሚያናግረው ሰው የለም። ሁለታችን ግን አንገታችንን ዘመም አድርገን፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ ጥንታዊ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር እንደሚመረምሩ ሊቃውንት ቆምን።

"'አፋን' ማለት ቋንቋ ነው" አለ ሳሙኤል።

"'ለማ' ሁለት ነው። ሁለት ፍሬ ስሰጥ ሐሊማ 'ለማ' ትላለች። ስለዚህ ይሄ 'ለመፋ' የሚለው ሁለተኛ መሆን አለበት" አልኩ።

"እዚህ ጋ ደግሞ 'ማስተርስ' ይላል።"

ተያየን። የእሱ አንድ ቃል፣ የእኔ አንድ ቃልና ከእንግሊዝኛ የመጣው ሦስተኛ ቃል ተደምረው የሚከተለውን ትርጉም ወለዱ፦ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚችል ሠራተኛ የማስተርስ ትምህርት ዕድል ይሰጣል! ከወረቀቱ ሥር ከሦስት ወር በኋላ የሚውል ቀን ተጽፏል፤ የፈተናው ቀን ነው አልን፤ ከቀኑ ሥር ስምና ፊርማ የሚሞላበት ሰንጠረዥ ነበር። ፈረምን።

"ሐሊማን ለማረጋገጥ ያህል እንጠይቃት?" አልኩት።

"አብደሃል? እሷ ሰማች ማለት ግቢው ሁሉ ሰማ ማለት ነው። ተወዳዳሪ ልታበዛ ነው?"

እውነቱን ነው አልኩ። ዲግሪዬ ላይ ማስተርስ ለመጫን ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ዕድሉን ለሐሊማ ወሬ አሳልፌ አልሰጥም።

ከሥራ በኋላ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ጥያቄው የትኛውን ቋንቋ እንማር ነው። እንግሊዝኛ ሁሉም እችላለሁ ስለሚል አይቆጠርም። ዓረብኛ ፊደሉ ይለያል። ያን ጊዜ ከአፌ አንድ እውነተኛ ቃል አመለጠኝ።

"ኦሮምኛስ?"

ሳሙኤል ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደደ። "ኦሮምኛ ከባድ ነው ወንድሜ። የሚጠብቀው ሌላ፣ የሚላላው ሌላ።"

"እሱስ ከባድ ነው" አልኩ ፈጥኜ።

እስቲ ልብ በሉልኝ። ይህን የምንባባለው አሰላ መሐል ተቀምጠን ነው። ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ በኦሮምኛ ይከራከራል። በር ላይ የቆመች የሦስት ዓመት ልጅ በኦሮምኛ እያለቀሰች ብስኩት ትጠይቃለች። በመንገዱ የሚያልፈው የጋሪ ፈረስ እንኳ ቁም ሲሉት የሚቆመው፣ ሂድ ሲሉት የሚሄደው በኦሮምኛ ነው። ለፈረሱ ያልከበደው ቋንቋ ለእኛ ለሁለቱ ባለ ዲግሪዎች ከበደን።

ሳሙኤል ስልኩን ያወጣው ያን ጊዜ ነው።

"ኤስፔራንቶ ይባላል" አለኝ። "ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት አንድ የአውሮፓ የዓይን ሐኪም ቁጭ ብሎ የፈጠረው ቋንቋ ነው። የዓለም ሕዝብ በቀላሉ ተምሮ እንዲግባባበት። አሥራ ስድስት ደንብ ብቻ! ስም ሁሉ በ'ኦ' ያልቃል፤ ቅጽል ሁሉ በ'አ' ያልቃል። ከደንቡ የሚወጣ ነገር የለም። ተቃራኒ ቃል እንኳ አትማርም፤ 'ማል' የምትል ከፊት ትለጥፋለህ። 'ቦና' ጥሩ፣ 'ማልቦና' መጥፎ። በቃ!"

"ማን ነው የሚናገረው?"

"በዓለም ዙሪያ ይነገራል።"

በዓለም ዙሪያ የሚነገር ነገር ሲዞር ሲዞር አሰላ የሚደርስ መሰለኝ። ሻዩን ያዘዝኩለት እዚህ ላይ ነው።

ተማርኩ። ልክድ አልችልም፤ እንደዚያ ተምሬ አላውቅም። ቤቴ ግድግዳ ላይ አሥራ ስድስቱን ደንብ ለጠፍኩ። ባጃጅ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ አጉተመትማለሁ። በወሩ "እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ" ማለት ቻልኩ፤ "ሚ ኤስታስ አፖቴኪስቶ።" ሐሊማ ሳጉተመትም እየሰማችኝ በግድግዳው ማዶ "ጎበዝ! ተማር፣ ተማር! ዘንድሮ ሰው ልትሆን ነው!" ትለኛለች። እንዴት አወቀችብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ቀንታ ነው ብዬም ትንሽ ደስ አለኝ። ለእሷስ አዘንኩላት፤ ካርድ ክፍል ተቀምጣ በሁለት የሰፈር ቋንቋ ስትኮራ፣ እኔ የዓለም ቋንቋ እየያዝኩ ነው።

ሳሙኤል መጀመሪያ ሰሞን አብሮኝ ያጠና ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ከሰዓት በኋላ ሥራ በዛብኝ ማለት ጀመረ። "አንተ ቀጥል፣ እደርስብሃለሁ" ይለኛል። እኔም ደካማ ተማሪ ነው ብዬ ናቅኩት።

ቋንቋ ካልተናገሩት አይያዝም ይባላል። የማናግረው ሰው ስላጣሁ መስኮቴ ላይ መለማመድ ጀመርኩ። የኤስፔራንቶ ሰላምታ "ሳሉቶን" ነው። አንድ የከተማ ነጋዴ ለጨጓራው መድኃኒት ሊወስድ ሲመጣ ፈገግ ብዬ "ሳሉቶን!" አልኩት።

"አዎ ዶክተር፣ ሳልም ጀምሮኛል። እንዴት አወቅክ?" አለኝ።

ለሳሉም ስጠኝ ብሎ ግማሽ ሰዓት ቆመብኝ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ባለ ጋሪውን "ኪኤል ቪ ፋርታስ?" አልኩት፤ እንዴት ነህ ማለት ነው። ሰውዬው የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረገና ስለ ፈረሱ ረጅም ማብራሪያ ሰጠኝ። ፈረስ በኦሮምኛ "ፈርደ" እንደሚባል ያወቅኩት ኋላ ነው። ያን ዕለት ግን በደንብ የተግባባን መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

የባሰው የመጣው በ"ማል" ነው። አንድ ገበሬ የሰጠሁትን እንክብል ሊሰባብረው ሲል አየሁና በመስታወቱ በኩል ጣቴን እያወዛወዝኩ "ማልቦና!" አልኩት።

"ማል?" አለ።

ደስ አለኝ። ቃሉን ያዘልኝ። "ማልቦና!" አልኩ ደግሜ።

"ማል?"

"ማል! ማልቦና!"

"ማል? ማል?"

ሰልፉ ቆመ። ሰዉ አንገቱን እያሰገገ ያየናል። በመጨረሻ ሐሊማ መጥታ ሰውዬውን አሰናበተችው። "ማል" በኦሮምኛ "ምን?" ማለት መሆኑን ዘበኛው ነው የነገረኝ። ሰውዬው ምን አልከኝ እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ምን፣ ምን እያልኩ መልሼ እጮህበታለሁ። ያም ሆኖ አልነቃሁም። ችግሩ ከሰውዬው ነው አልኩ።

በስልክ ደግሞ አንድ ወዳጅ አገኘሁ፤ ኤስፔራንቶ የሚያውቅ ብራዚላዊ ጡረተኛ። በየቀኑ እንጻጻፋለን። አንድ ቀን "በምትኖርበት ከተማ ሕዝቡ የሚናገረው ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ኦሮምኛ ነው አልኩት። "እንዴት ደስ ይላል! በኦሮምኛ እንደምን አደርክ ምን ይባላል?" አለኝ። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። "ገነማ ቶኮ" ብዬ ጻፍኩለት። ይኸው እስከ ዛሬ በየማለዳው "ገነማ ቶኮ፣ ወንድሜ!" ይለኛል። ብራዚል ውስጥ አንድ ሽማግሌ በእኔ ምክንያት ለሰው ሁሉ ጠዋት አንድ ፍሬ እያዘዘ ይውላል።

እስካሁን ያለው የሚያስቅ ነው። አሁን የማያስቀው ይመጣል።

አንድ ሐሙስ ቀን ሐሊማ ለቅሶ ልትደርስ ዴራ ሄዳለች። አንዲት አሮጊት መስኮቴ ላይ መጡ። ስማቸው አዴ ኩልሱም ነው፤ አዴ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ከዲክሲስ ይላል። ግራ ዓይናቸው ድሮ የፈዘዘ ነው፤ ቀኙ ደግሞ ቀልቷል፤ ያለቅሳል፤ በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉት ነው። የታዘዘላቸው የዓይን ቅባት ነው፤ ያቺ ትንሿ ቱቦ። እኔ አንደኛው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቻለሁ። የዕለቱ ትምህርት የአካል ክፍሎች ነው። ትምህርቱ "ዓይን፣ ኦኩሎ... ዓይን፣ ኦኩሎ..." ይለኛል። እንዴት ያለ መገጣጠም ነው ብዬ ተደነቅኩ።

ቱቦዋን አቀበልኳቸውና "ገነማ ቶኮ፣ ገልገላ ቶኮ" አልኩ።

አዴ ኩልሱም ቱቦዋን አገላበጡና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው። ከኋላቸው ሰልፍ አለ። እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ፤ "ኤዬ፣ ኤዬ" አልኩ፤ አዎ፣ አዎ እንደማለት። አልፌ ተርፌም ከልቤ ፈገግ ብዬ "ኦኩሎ" ብዬ ጨመርኩላቸው። እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝና ሄዱ። እኔም ወደ "አፍንጫ" አለፍኩ።

ሦስት ሳምንት አልፎ የፈተናው ቀን ደረሰ። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። ሳሙኤል ከእኔ በፊት ገብቶ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። ላብ በላብ ሆኗል፤ ግን ይስቃል። ዓይኔን አላየኝም። "አይዞህ" ብሎኝ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ኦቦ ገመቹ፣ ረጋ ያሉ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው።

"አንተ ወደ ትምህርቱ ክፍል አንድም ቀን አልመጣህም" አሉኝ በአማርኛ።

የምን ክፍል እንደሆነ አልገባኝም። "በግሌ ነው የተማርኩት" አልኩ።

"በግልህ? በምን?"

"በስልኬ።"

ሦስቱም በአድናቆት ተያዩ። "እንግዲህ እስቲ ራስህን አስተዋውቀን" አሉ ኦቦ ገመቹ።

ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ስሜን፣ ሥራዬን፣ የጭላሎን ተራራ፣ የአርሲን የስንዴ ማሳ፣ የአየሩን ብርድ ሳይቀር፣ አንዲት ደንብ ሳላዛንፍ፣ ስሙን በ"ኦ" ቅጽሉን በ"አ" እየጨረስኩ አምስት ደቂቃ አወራሁ። ጨርሼ ተቀመጥኩ።

ከኮሚቴው አንዷ ሴትዮ ወደ ኦቦ ገመቹ ጠጋ ብላ፣ "ይሄ የየት ኦሮምኛ ነው? የወለጋ ነው?" አለች።

"የወለጋስ አይመስለኝም፣ እኔ ወለጋ ተምሬያለሁ" አለ ሦስተኛው። "የቦረና ይሆናል።"

"ኦሮምኛ አይደለም" አልኩ በኩራት። "ኤስፔራንቶ ነው።"

"ምንድን ነው?"

"ኤስፔራንቶ።"

ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "በየትኛው ወረዳ ነው የሚነገረው?"

"በወረዳ አይደለም። በዓለም ነው።"

"ገባኝ። አርሲ ውስጥስ ማን ይናገረዋል?"

"አርሲ ውስጥ..." ቆጠርኩ። "እኔና ሳሙኤል።"

"ሳሙኤል አሁን ከዚህ ወጣ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ በኦሮምኛ ነው ያወራን። ከጀመረ ወዲህ አንድም ቀን ከክፍል አልቀረም።"

ከዚያ ማስታወቂያውን ከፋይላቸው አውጥተው ቀስ ብለው ተረጎሙልኝ። ኦሮምኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ሠራተኞች በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ነጻ የኦሮምኛ ትምህርት ይሰጣል፤ ትምህርቱን ጨርሰው ሕዝቡን በቋንቋው ማገልገል ለሚችሉ በማስተርስ ውድድር ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ይኸው ነው። በነጻ፣ ከመስኮቴ አርባ እርምጃ በምትርቅ አዳራሽ ውስጥ ነው ትምህርቱ የሚሰጠው። በዚያ አዳራሽ በር ላይ በየቀኑ ማዳመጫዬን ሰክቼ አልፍ ነበር።

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። ምድር ግን አልተከፈተችም፤ የተከፈተው በሩ ነው። ሐሊማ ገባች።

"ይቅርታ ኦቦ ገመቹ። መድኃኒት መስኮት ላይ አንዲት እናት ናቸው፤ አልንቀሳቀስም ብለዋል። 'ራሱን የነቀነቀልኝ ሰውዬ ይጠራልኝ' ይላሉ።"

እኔ ወጣሁ፤ ኮሚቴው ተከተለኝ። አዴ ኩልሱም መስኮቱን ተደግፈው ቆመዋል። ዓይናቸው አብጦ ሊከደን ምንም አልቀረውም። እጃቸው ላይ ያቺ ቱቦ አለች፤ እንደ ወረቀት እስክትሳሳ ተጨምቃለች። መናገር ጀመሩ። ሐሊማ እየሰማች ፊቷ ተለዋወጠ።

"ምን ይላሉ?" አልኳት።

"ቅቤው አለቀብኝ ይላሉ።"

"የምን ቅቤ?"

"ይሄን ቅባት ነዋ። ጠዋት አንድ ቁራሽ ቂጣ፣ ማታ አንድ ቁራሽ ቂጣ ላይ እየቀባሁ በላሁ ይላሉ። ይመራል፤ ግን መድኃኒት ነው ብዬ ቻልኩት ይላሉ። ዓይኔ ግን ባሰበት ነው የሚሉት።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ያን ዕለት 'በቂጣ ነው የምበላው?' ብለው ጠይቀውህ ነበር ይላሉ። ራስህን ነቀነቅክ። 'ኦኩሎ' አልክ። ኦኩሎ ምንድን ነው?"

"ዓይን" አልኩ።

"በምን ቋንቋ?"

ዞሬ ኮሚቴውን አየሁ።

"ስለዚህ የዓይን መሆኑን ታውቅ ነበር!"

"ነግሬያቸዋለሁ እኮ" አልኩ። ይህን ማለቴን እስከ ዛሬ አላምንም። ሦስት ኮሚቴ፣ አንድ ሰልፍና አንዲት ዓይናቸው ሊጠፋ የደረሰ እናት ፊት ቆሜ፣ ነግሬያቸዋለሁ እኮ አልኩ!

የሳቀ ሰው አልነበረም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አዴ ኩልሱምን ራሴ ደግፌ ዓይን ሐኪሙ ጋ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መብራት አብርቶ ሲያይ እኔ በር ላይ ቆሜ በሕይወቴ ጸልዬ በማላውቀው ዓይነት ጸለይኩ፤ በአማርኛ ነው የጸለይኩት፤ ያን ሰዓት የዓለም ቋንቋ አልመጣልኝም። ሐኪሙ ቀና ብሎ "ሌላ አንድ ሳምንት ቢቆዩ ኖሮ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር" አለ። ለሁለት ሳምንት ከከተማ ሳይወጡ ጠብታና ቅባት እንዲያደርጉ አዘዘ። ሆዳቸውን የሚያሰጋ ነገር ይኖር እንደሆነ ስጠይቀው አየኝና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

አዴ ኩልሱም ከገበያው በላይ የእህታቸው ልጅ ቤት አረፉ። አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፤ ሐሊማ ተረጎመችልኝ፦ "ያ ሰውዬ ራሱ መጥቶ ያድርግልኝ። የሚበላውን ከሚቀባው ይለይልኝ።"

ሳሙኤልን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። "መቼ ነው ያወቅከው?" አልኩት።

"በሁለተኛው ሳምንት። ሐሊማን ጠይቄያት ነገረችኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተ እኮ በጣም ጎብዘህ ነበር" አለኝ ትከሻዬን ይዞ። "ልብህን መስበር አልፈለግኩም።"

ማስተርሱን ያገኘው እሱ ነው። ዛሬ ሰው ሲጠይቀው "ቋንቋ መማር ቀላል ነው" ይላል አሉ። ይበል። እኔን ግን አይጥቀሰኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱና በየማታው ወደ አዴ ኩልሱም ሄድኩ። ሐሊማ መንገዷ ስለሆነ ጠዋትም ማታም አብራኝ ትገባለች። አዴ ኩልሱም በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። እጄን ሳልታጠብ አያስነኩኝም፤ ውሃ እየጠቆሙ "ሀርከ" ይላሉ፤ እጅ ማለት ነው። ወደ ዓይናቸው እየጠቆሙ "ኢጀ" ይላሉ። ካልደገምኩት ቀና አይሉልኝም። የሚሉኝን ሳልሰማ ራሴን ብነቀንቅማ ጉድ ይፈላል፤ ጉልበቴን በከዘራቸው ኳ ያደርጉታል። ደንብ የሚባል የለም፤ አሥራ ስድስትም አንድም። ከዘራ ብቻ። በአምስተኛው ቀን "ተቀመጡ"፣ "ይቆጠቁጣል?"፣ "ነገ እመጣለሁ" ማለት ቻልኩ። በአሥረኛው ቀን ስለ ገብሱና ስለ ላማቸው ሲያወሩ ግማሹን መከተል ጀመርኩ። ስድስት ዓመት ከባድ ነው ያልኩት ቋንቋ በአሥር ቀን ከበረንዳ ላይ ገባልኝ። ይህን ሳስብ የትኛው ዓመቴ ላይ እንደማለቅስ አላውቅም።

አሥራ አራተኛው ቀን ላይ እብጠቱ ጠፋ። ቅባቱን አድርጌ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ከቆዩ በኋላ፣ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና ገለጡት። የጠዋት ፀሐይ ነበር። አገጬን በእጃቸው ያዙና ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭጋግ ሆኜ ነው የታየኋቸው። አሁን ግንባሬን አዩ፤ ጺሜን አዩ፤ አዩኝ፣ አዩኝ። ምርቃት ይመጣል ብዬ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ።

"አቲ?" አሉ።

በኦሮምኛ "ኢሲን" አንቱ ነው፤ "አቲ" አንተ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲጠሩኝ የነበረው በኢሲን ነው።

አገጬን ለቀቁና ወደ ሐሊማ ዞረው፣ ከዘራቸውን እኔ ላይ ቀስረው፣ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል፣ እንዲህ አሉ፦ "ይሄ እኮ ልጅ ነው! እኔ አርጅቶ ጆሮው የደከመ ሰው መስሎኝ ነው ይቅር ያልኩት።"

ሐሊማ ልትተረጉምልኝ አፏን ከፈተች።

"ተይው" አልኳት። "ገብቶኛል።"